ለቫን ኑሮ የምትሆን ትንሽ ጀነሬተር፦ አመራረጥና አያያዝ

ይህን የምጽፈው በቫን ወይም በአርቪ (ውስጡ እንደ ቤት በተሠራ ትልቅ መኪና) እየኖሩ ለሚሠሩ፣ በተለይ ምዕራብ አሜሪካ ውስጥ ከኮሎራዶ እስከ አሪዞና ለሚመላለሱ ወገኖች ነው። በኮንትራት ከሆስፒታል ሆስፒታል የሚዘዋወሩ ነርሶች አሉ፤ የቤት ኪራይ ከብዷቸው ቫን ገዝተው ውስጡን አልጋና ማብሰያ ያደረጉ ወጣቶችም አሉ። ጥያቄያቸው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ የትኛው ጀነሬተር ይሻላል? ሲጠይቁ ግን ልባቸው አስቀድሞ ትልቁ ላይ አርፏል። እኔ የምመክረው ካሰቡት አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን ነው፤ ምክንያቱን ከታች በሒሳብ አሳያለሁ።

ቫን ውስጥ የዕለት ተዕለቱ መብራት ከጣሪያው ሶላርና መኪናው ሲነዳ ባትሪውን ከሚሞላው ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር መምጣት አለበት። ጀነሬተር የምታስፈልገው ደመናው ለቀናት አልገፈፍ ሲል፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሲከረም፣ ወይም ከባድ ዕቃ ለአጭር ጊዜ ማሠራት ሲያሻ ነው። ሥራዋ ባትሪ መሙላት መሆኑን ከተቀበላችሁ ትንሿ ትበቃችኋለች፤ ክብደቷም፣ ድምፅዋም፣ የቤንዚን ወጪዋም ይቀንሳል።

ከመግዛታችሁ በፊት ዋቱን ደምሩ

የእያንዳንዱ ዕቃ ዋት ጀርባው ወይም ሥሩ ላይ ተለጥፏል። የተጻፈው አምፒር ብቻ ከሆነ በ120 አባዙት፤ የአሜሪካ ሶኬት 120 ቮልት ነውና። ላፕቶፕ ከ60 እስከ 100 ዋት፣ በ12 ቮልት የሚሠራ የቫን ፍሪጅ ኮምፕረሰሩ ሲነሣ ከ45 እስከ 60 ዋት ነው፤ እነዚህ አያሳስቡም። ከባዶቹ ሙቀት የሚያወጡት ናቸው። የውኃ ማፍያ ጀበና 1500 ዋት፣ የፀጉር ማድረቂያ ከ1500 እስከ 1875 ዋት ይወስዳሉ። ካርቶኑ ላይ 1000 ዋት የተባለ ማይክሮዌቭ ደግሞ 1000ው ምግቡን የሚያሞቀው ኃይል ስለሆነ ከሶኬቱ የሚስበው 1500 አካባቢ ነው።

ምጣድስ? አገር ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3000 ዋት በላይ ይፈልጋል። እዚህ ብዙዎቻችን የምንጋግርበት ክብ ምጣድ ግን በተራ የቤት ሶኬት እንዲሠራ የተዘጋጀ በመሆኑ 1500 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ 1800 ዋት ሳታቋርጥ የምትሰጥ ጀነሬተር ምጣድ ትሸከማለች። ምጣዱ በርቶ ማይክሮዌቭ ከተጨመረ ግን ወዲያው ታቋርጣለች፤ እንጀራ ሲጋገር ሌላው ከባድ ዕቃ ሁሉ ተነቅሎ ይቆይ።

ካርቶን ላይ በትልቁ የሚታተመው ቁጥር ለአጭር ጊዜ ብቻ የምትችለው ነው። ለምሳሌ ሆንዳ ኢዩ2200አይ 2200 የሚል ስም ይዛ ሳታቋርጥ የምትሰጠው 1800 ዋት ነው። ትልቁ ቁጥር የሚጠቅመው እንደ ፍሪጅና ኤሲ ያሉ ሞተር ያላቸው ዕቃዎች ሲነሡ ነው፤ ሲነሡ ከመደበኛቸው ሁለትና ሦስት እጥፍ ይስባሉና። ምርጫችሁን ሁልጊዜ በትንሹ ቁጥር አድርጉ።

አሁን ባትሪውን እናስላ። 200 አምፒር አወር የሆነ 12 ቮልት ሊቲየም ባትሪ 2560 ዋት አወር ያህል ይይዛል። 20 በመቶ ላይ ቢደርስ ለመሙላት ወደ 2050 ዋት አወር ይፈልጋል። ጀነሬተሯ ላይ የሚሰካው ቻርጀራችሁ 40 አምፒር ከሆነ ባትሪው ውስጥ የሚያስገባው 560 ዋት ገደማ ነው፤ ከጀነሬተሯ ደግሞ፣ በመንገድ የሚባክነው ተጨምሮ፣ 650 ዋት አካባቢ ይስባል። በዚህ ፍጥነት አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ልብ በሉ፦ 900 ዋት የምትሰጥ ጀነሬተርም ሆነ 3000 ዋት የምትሰጥ ያንኑ ባትሪ በእኩል ሰዓት ነው የሚሞሉት፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ቻርጀሩ ነው። ቶሎ እንዲሞላ የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን ቻርጀሩ ላይ ያውጣ። 100 አምፒር ቻርጀር ያንኑ ባትሪ በአንድ ሰዓት ተኩል ይሞላል፤ ግን ከ1600 ዋት በላይ ስለሚስብ ያኔ የ2000ዎቹ ጎራ (ካርቶኗ ላይ 2000 ዋት ገደማ የሚል ቁጥር ያላት) ያስፈልጋል።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ምጣድና ኤሲ የሌለው ሰው የ1000ዎቹን ጎራ፣ ማለትም 900 ዋት ሳታቋርጥ የምትሰጠውንና 13 ኪሎ ገደማ የምትመዝነውን ይግዛ፤ በአንድ እጅ ትነሣለች። ምጣድ ያለው የ2000ዎቹን ጎራ ይግዛ፤ ክብደቷ 21 ኪሎ አካባቢ ነው። ጣሪያ ላይ 13,500 ቢቲዩ ኤሲ ላለው አርቪ የ2000ዎቹ ጎራ የምታስነሣው ኤሲው ሲነሣ የሚስበውን ኃይል የሚያለዝብ ሶፍት ስታርት የሚባል መሣሪያ ከተገጠመለት ነው፤ ከተነሣ በኋላም ለሌላ ነገር የሚተርፍ ኃይል ብዙም አይኖራትም። በሐምሌ ፊኒክስ ቁጭ ብሎ ከሙቀት ጋር በጀነሬተር ከመታገል ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነድቶ 2100 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ፍላግስታፍ መውጣት በቤንዚንም በእንቅልፍም ያዋጣል።

ከፍታ ኃይል ይቀንሳል

ይህን ሻጮች አይናገሩም፣ ተራራ አካባቢ ለሚኖር ግን ወሳኝ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ስለሚያንስ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ኃይል ይጠፋል። ከባሕር ወለል 1600 ሜትር ላይ ባለችው ዴንቨር 1800 ዋት የነበረችው ወደ 1470 ትወርዳለች። 3000 ሜትር ያለፈችው ሌድቪል ላይ ደግሞ 1160 አካባቢ ትቀራለች። ፊኒክስ ላይ ሳትቸገር እንጀራ ያስጋገረች ጀነሬተር ዴንቨር ላይ በዚያው ምጣድ ብታቋርጥ ተበላሽታ አይደለም።

ከ1500 ሜትር በላይ ለረጅም ጊዜ የምትቆዩ ከሆነ ለከፍታ የተሠራ ጂግለር (ካርቡሬተር ውስጥ ቤንዚኑን የምታሳልፈው ትንሿ ቀዳዳ ብሎን) አስቀይሩ። የጠፋውን ኃይል አይመልስም፤ ቤንዚን በዝቶ ካንዴላው እንዳይጠቁርና ሞተሩ ጥቁር ጭስ እንዳያወጣ ግን ያደርጋል። ወደ ቆላ ስትወርዱ የቀድሞውን መመለስ አትርሱ፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከመጠን በላይ ይግላል።

በዚሁ አጋጣሚ፣ አገልግሎቷ ሲያበቃ በኮንቴይነር አዲስ አበባ እልካታለሁ የምትሉ ሁለት ነገር አስቡ። ከተማችን ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ሩብ የሚሆነው ኃይል እዚያ ይቀራል፤ በዚያ ላይ 120 ቮልት የምትሰጥ ጀነሬተር ለ220 ቮልት ዕቃ አትሆንም።

ኢንቨርተር ያላት ትሁን

ተራ ጀነሬተር 60 ኸርዝ ለመስጠት ምንጊዜም በደቂቃ 3600 ዙር መሽከርከር አለባት፤ ስልክ ብቻ ቢሰካባትም ያንኑ ያህል ትጮኻለች። ኢንቨርተር ያላት ግን መብራቱን በኤሌክትሮኒክስ አስተካክላ ስለምትሰጥ ጭነቱ ሲያንስ ሞተሯ ይረጋጋል፣ ቤንዚንም ይቆጥባል። ላፕቶፕና የሊቲየም ቻርጀርም የጠራ መብራት ያገኛሉ። ከላይ የጠቀስኳት የሆንዳ ምርት በሩብ ጭነት 3.6 ሊትር ቤንዚን ይዛ ስምንት ሰዓት ያህል ትሠራለች፤ ድምፅዋ በዚያ ጭነት 48 ዲሲቤል፣ በሙሉ ጭነት 57 ዲሲቤል ነው። የያማሃ፣ የሻምፒዮንና የዌስቲንግሃውስ ኢንቨርተሮችም ለዚሁ ሥራ ይሆናሉ። ዋጋቸው ቢለያይም ረጅም ዕድሜ የሚሰጠው አያያዙ ነው፤ መለዋወጫዋ በቅርብ የሚገኘውን አስቀድሙ።

ድምፅ የጎረቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ሕግም አለበት። በብሔራዊ ፓርኮች 15 ሜትር ርቀት ላይ ከ60 ዲሲቤል ያለፈ ጀነሬተር ክልክል ነው። ሰዓትም ይወሰናል፤ ለምሳሌ በዮሰሚቲ ካምፖች የተፈቀደው ከጠዋቱ በአሜሪካ አቆጣጠር ከ7 እስከ 9፣ ቀትር ከ12 እስከ 2 እና ምሽት ከ5 እስከ 7 ነው። አራት ሰዓት የሚፈልግ ቻርጀር ከዚህ ጋር አይስማማምና የቻርጀሩን መጠን ስትመርጡ ይህን አስቡ። በብሔራዊ ደኖች ማርሚታው ውስጥ ፍንጣሪ የሚይዝ ወንፊት መኖር ግዴታ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የምትገዙ ደግሞ በዚያ ክፍለ ግዛት የተፈቀደ መሆኑን የሚገልጸውን ጽሑፍ ካርቶኑ ላይ ፈልጉ።

ቤንዚን ወይስ ፕሮፔን?

ሁለቱንም የምትቀበል ካገኛችሁ እሷን ያዙ። ፕሮፔን አይበላሽም፣ ካርቡሬተር አይደፍንም፣ ለማብሰያ የያዛችሁት ሲሊንደርም ያገለግላል። ኃይሏ በፕሮፔን ስትሠራ አሥር በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የቤንዚን ትልቁ ችግር ቫን ውስጥ ማስቀመጫ የሌለው መሆኑ ነው፤ በምትተኙበት ክፍል ጀሪካን አይቀመጥም፣ ትነቱ አፍንጫ ባይሸተውም እሳት ያገኘዋል። ከኋላ በር ውጭ የሚታሰር መያዣ አሠሩ። ፕሮፔኑም ቢሆን ከመኝታው የተለየ፣ ከሥሩ ወደ ውጭ የሚተነፍስ ሳጥን ይፈልጋል።

ያገለገለ ስትገዙ

ሻጩን ከመሄዳችሁ በፊት "እንዳታስነሣት" በሉት። ደርሳችሁ ሞተሩን በእጅ ዳስሱ፤ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። የሞቀች ጀነሬተር በአንድ ጉተታ ብትነሣ ምንም አትነግራችሁም፣ የቀዘቀዘችዋ ግን እውነቱን ታወጣለች። የታንኩን ክዳን ከፍታችሁ አሽትቱ፤ እንደ ቀለም ወይም እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ቤንዚን ካለ ካርቡሬተሩ መጸዳት እንዳለበት ቆጥራችሁ ዋጋ ቀንሱ። ዘይቱን አውጥታችሁ እዩ። ሳታቋርጥ ከምትሰጠው ዋት የማይበልጥ ከባድ ዕቃ፣ ለምሳሌ የፀጉር ማድረቂያ፣ ከቤት ይዛችሁ ሂዱና ለአሥር ደቂቃ አሠሩባት፤ ጭነቱ ሲገባ ትንሽ አጎንብሳ ወዲያው መረጋጋት አለባት። ሲነቀል ድምፅዋ ከፍ ዝቅ እያለ ከቀጠለ ጂግለሯ ተደፍኗል። የሴሪ ቁጥሯ የተፋቀ ከሆነ ጥላችሁ ሂዱ፤ እነዚህ ትንንሾቹ ብዙ ይሰረቃሉ።

ጭሱ ይገድላል

ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይህን ነው። አገር ቤት ከሰል ቤት ውስጥ አስገብቶ፣ በር ዘግቶ ተኝቶ ያልነቃ ቤተሰብ ታሪክ ያልሰማ የለም። ያን ቤተሰብ የገደለው ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ከጀነሬተር ማርሚታ የሚወጣውም እሱ ራሱ ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እንደሚለው አንዲት ጀነሬተር በመቶዎች የሚቆጠሩ መኪኖች የሚያወጡትን ያህል ካርቦን ሞኖክሳይድ ልታወጣ ትችላለች። ቫን ደግሞ ከአንድ ክፍል ያነሰች ናት፤ ለመሙላት ጊዜ አይፈጅባትም።

ስለዚህ፦

1. ጀነሬተሯን ከቫኑ ቢያንስ 6 ሜትር አርቁ፤ የማርሚታው አፍ ከእናንተም ከጎረቤትም ተቃራኒ ይዙር።
2. ነፋሱን እዩ። ነፋሱ ከእሷ ወደ ቫኑ ከሆነ ቦታ ቀይሩ። በእሷ በኩል ያሉት መስኮቶችና የጣሪያው ፋን ይዘጉ።
3. በቫኑ ሥር፣ በኋላ በር አፍ ላይ፣ በአጎበር ወይም በድንኳን ሥር በጭራሽ አታስነሧት።
4. እሷ እየሠራች አትተኙ። ባትሪው እስኪሞላ ንቁ ሆናችሁ ቆዩ፣ ከዚያ አጥፉና ተኙ።
5. በራሱ ባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ በትራሳችሁ አቅራቢያ ስቀሉ፤ በየወሩ ቁልፉን ተጭናችሁ ሞክሩ።

አዳዲሶቹ ጀነሬተሮች ጋዙ ሲበዛ ራሳቸውን የሚያጠፉበት መሣሪያ አላቸው። ጥሩ ነው፣ ግን የሚለካው ጀነሬተሯ አጠገብ ያለውን አየር ስለሆነ ነፋስ ወደ ቫኑ የሚገፋውን አያውቀውም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ያለ ምክንያት የሚጫጫን እንቅልፍ ከመጣ "ደክሞኝ ነው" አትበሉ፤ ሁላችሁም ውጡና 911 ደውሉ። ይህ ሁሉ ቫን ውስጥ ቡና በከሰል ለማፍላት ለሚያስብም ይሠራል፤ ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ ውጭም ይለቅ።

ማስነሣት፣ መሰካት፣ ማጥፋት

አዲስ ጀነሬተር ብዙ ጊዜ ዘይት ሳይኖራት ነው የምትመጣ፤ መጀመሪያ ዘይት፣ ከዚያ ቤንዚን። ለብዙዎቹ 10ደብሊው-30 የሚባለው የመኪና ዘይት ይሆናል። መጠኑ ከግማሽ ሊትር በታች ስለሆነ ቀስ እያላችሁ አፉ ጠርዝ እስኪደርስ ሙሉ።

ደልዳላ መሬት ላይ አስቀምጡ። መሬቱ ካጋደለ ዘይት የሚለካው መሣሪያ "ዘይት የለም" ብሎ ሞተሩን ያጠፋዋል፤ ዘይት ሞልቶ ሳለ አልነሣም የምትል ጀነሬተር ብዙ ጊዜ ችግሯ ይኸው ነው። የታንክ ክዳኑን መተንፈሻ ክፈቱ፣ የቤንዚኑን ቧንቧ ክፈቱ፣ ቾኩን (ቀዝቃዛ ሞተር እንዲነሣ አየሩን የሚቀንሰውን መሳቢያ) ሳቡ። ገመዱን ቀስ ብላችሁ እስኪከብድ ድረስ ጎትቱ፣ ከዚያ በኃይል። ስትነሣ ቾኩን ቀስ በቀስ መልሱ፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ትሙቅ እንጂ ወዲያው አትጫኗት። በማጥፋት ጊዜ በተቃራኒው ዕቃው መጀመሪያ ይነቀላል፣ ጥቂት ያለ ጭነት ትሠራለች፣ ከዚያ ትጠፋለች። ቤንዚን የሚጨመረው ጠፍታ ከቀዘቀዘች በኋላ ብቻ ነው፤ በጋለ ማርሚታ ላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ይያያዛል።

ስድስት ሜትር ስታርቋት ማራዘሚያ ገመድ ያስፈልጋል። ቀጭን ገመድ ይግላል፣ ቮልቱንም ይጥላል። ቁጥሩ ሲያንስ ገመዱ ይወፍራል፦ 12 ጌጅ፣ ለውጭ የተሠራ፣ 25 ጫማ የሆነ ግዙ። ዝናብ ከመጣ ለዚሁ የተሠራ ሽፋን ከሌላት አጥፏት።

አርቪ ያላችሁ አንድ ነገር ሊገጥማችሁ ይችላል። ጀነሬተሯ በደንብ እየሠራች፣ ገመዱም ተሰክቶ፣ የመብራት መጠበቂያ መሣሪያው "ኦፕን ግራውንድ" (የመሬት መስመር የለም) ብሎ መብራት አያስገባም። ብዙዎቹ ትንንሽ ኢንቨርተር ጀነሬተሮች ኒውትራሉና የመሬት መስመሩ ውስጥ ለውስጥ ያልተገናኙ በመሆናቸው ነው። ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ የማገናኛ መሰኪያ ይሸጣል፤ በጀነሬተሯ በሌላኛው ሶኬት ላይ ይሰካል። ከካምፕ መብራት ጋር ስትሆኑ አትጠቀሙበት።

የሰዓት አገልግሎት

ሰዓቷን የሚቆጥር ትንሽ መሣሪያ ካንዴላው ገመድ ላይ ይጠመጠማል፤ ርካሽ ነውና ግዙት። ዘይት መጀመሪያ በ20 ሰዓት፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ ይቀየራል። የመጀመሪያውን አታሳልፉ፤ አዲስ ሞተር ሲለማመድ የሚያራግፈው የብረት ብናኝ የሚወጣው በዚያ ዘይት ነው።

አቀያየሩ እንዲህ ነው። አምስት ደቂቃ አስነሥታችሁ አጥፉ፤ ሞቅ ያለ ዘይት ቶሎ ይወርዳል። የታንኩን መተንፈሻና ቧንቧ ዝጉ፣ የጎኑን ሽፋን በካቻቢቴ ፍቱ። ከእነዚህ ትንንሾቹ ብዙዎቹ ከሥር ማፍሰሻ ብሎን የላቸውም፤ የዘይቱን ክዳን ነቅላችሁ ጀነሬተሯን ወደ አፉ አጋድላችሁ ወደ ዕቃ ትገለብጧታላችሁ። የመጨረሻው ክር እስኪቀጥን ታገሡ። ከዚያ ቀና አድርጉ፣ ጠርዙን ጥረጉ፣ አዲሱን ሙሉ፣ ክዳኑን አጥብቁ። የፈሰሰውን በጨርቅ ካልጠረጋችሁ በሚቀጥለው ቀን ሲግል ይጨሳል፣ ሞተሩ የተቃጠለ ይመስላችኋል። አሮጌውን ዘይት ብዙ የመኪና መለዋወጫ መደብሮች በነጻ ይቀበላሉ፤ ምድረ በዳ ላይ አታፍስሱ።

የአየር ፊልትሮው ስፖንጅ ነው። በየ50 ሰዓቱ፣ አቧራ ባለበት የአሪዞና በረሃ ደግሞ ቶሎ ቶሎ፣ በሞቀ ውኃና በሳሙና እጠቡት፣ ጥላ ላይ በደንብ አድርቁ፣ ጥቂት ንጹሕ ዘይት አንጠባጥባችሁ ጨምቁት። ያለ ፊልትሮ ለአንድ ቀንም አታሠሯት።

ካንዴላውን በየ100 ሰዓቱ ንቀሉና ጫፉን እዩ። የተቆላ ቡና ዓይነት ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ፊልትሮው ቆሽሿል ወይም ከፍታ ላይ ናችሁ። እርጥብና ዘይት የነካው ከሆነ ዘይት ከመጠን በላይ ሞልታችኋል ወይም ሞተሩ ዘይት መብላት ጀምሯል። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷታል። ስትመልሱት ቺያቬውን ከማንሣታችሁ በፊት በጣት አዙራችሁ አስገቡት፤ የአሉሚኒየም ጥርስ አንዴ ከተላጠ ጥገናው ከካንዴላው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የማርሚታውን ወንፊትም በዚያው ሰዓት፣ በቀዘቀዘች ጊዜ፣ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፤ ሲደፈን ኃይል ይቀንሳል።

ስትቀመጥ

ትንሽ ጀነሬተር ከሥራ ይልቅ መቀመጥ ይጎዳታል። የአሜሪካ ተራ ቤንዚን እስከ አሥር በመቶ ኤታኖል አለው፤ ኤታኖሉ እርጥበት ይስባል፣ ቤንዚኑም በወር ውስጥ መበላሸት ይጀምራል፣ ሲተን ካርቡሬተሩ ውስጥ ሙጫ የመሰለ ነገር ይተዋል። ከአሥር በመቶ በላይ ኤታኖል ያለው ቤንዚን ለትንሽ ሞተር አይሆንም፤ ማደያ ላይ 88 የሚል ቁልፍ ስታዩ ብዙውን ጊዜ 15 በመቶ ያለበት ስለሆነ ስቲከሩን አንብቡ። ኮሎራዶ ውስጥ ርካሹ 85 ነው፤ እናንተ 87 ቅዱ። ኤታኖል የሌለበት የሚሸጥ ማደያ ካገኛችሁ ትንሽ ቢወደድም ለማስቀመጫ እሱን ያዙ።

ከወር በላይ የማትነኳት ከሆነ ቤንዚኑ እንዳይበላሽ የሚያደርገውን ፈሳሽ አዲስ ቤንዚን ላይ ጨምራችሁ አሥር ደቂቃ አሠሯት፤ መድኃኒቱ ካርቡሬተሩ ድረስ ይግባ። ከዚያ የቤንዚኑን ቧንቧ ዝጉና እስክትጠፋ ድረስ ተዋት። የቀረውን ጥቂት ጠብታ ከካርቡሬተሩ ሥር ባለችው ብሎን አፍስሱ። በመጨረሻም ገመዱን እስኪከብድ ድረስ ሳቡና ተዉት፤ በዚያ ቦታ ቫልቮቹ ስለሚዘጉ እርጥበት ወደ ሲሊንደሩ አይገባም። በየጊዜው የምትጠቀሙባት ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ በወር አንዴ ግማሽ ሰዓት ቻርጀር ወይም ማሞቂያ ሰክታችሁ አሠሯት። ያለ ጭነት በሚኒሞ ማንጫጫት አይቆጠርም፣ መሞቅ አለባት።

እምቢ ስትል

ያለ ቅደም ተከተል አትፍቱ። ዘይት አለ? ደልዳላ ላይ ናት? ክዳኑና ቧንቧው ተከፍተዋል? ካንዴላውን ንቀሉ፤ ደርቆ ከወጣ ቤንዚን አይደርስም፣ ረጥቦ ከወጣ ቤንዚን አለ እሳት የለም፤ አዲስ ካንዴላ ሞክሩ። ተነሥታ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የምትጠፋ ከሆነ የክዳኑ መተንፈሻ ተዘግቷል ማለት ይቻላል። ሞተሩ እየሠራ መብራት ከሌለ ከመጠን በላይ መጫኗን የሚያሳየው ምልክት በርቶ ይሆናል፤ ሁሉን ነቅላችሁ፣ አጥፍታችሁ እንደገና አስነሡ።

ቾክ ተስቦ ብቻ የምትሠራ ወይም ከፍ ዝቅ የምትል ከሆነ ጂግለሩ ተደፍኗል። ቧንቧውን ዝጉ፣ የካርቡሬተሩን ሥረ ኩባያ ፍቱ፣ ጂግለሩን አውጡና ወደ ብርሃን ያዙት፤ በቀዳዳው ውስጥ ክብ ብርሃን ካልታየ ያ ነው በሽታው። የካርቡሬተር ማጽጃ ንፉበትና ከኤሌክትሪክ ገመድ በተመዘዘች አንዲት የመዳብ ክር አሳልፉ። መርፌና የብረት ሽቦ አትጠቀሙ፣ ቀዳዳውን ያሰፉታል፤ ከሰፋ በኋላ ቤንዚን መብላቷ አይስተካከልም። ሁለት ጊዜ ተጸድቶ ከተመለሰ ሙሉ ካርቡሬተሩን ቀይሩት። ገመዱ ሲጎተት ጭራሽ የማይከብድ ከሆነ፣ ወይም ሰማያዊ ጭስ ካወጣች፣ ችግሩ ቫልቭ ወይም ፒስተን ጋ ስለደረሰ የትንንሽ ሞተር መካኒክ ጋ ውሰዷት፤ ለጥገናው ከአዲሷ ዋጋ ግማሽ በላይ ከጠየቃችሁ ግን አዲስ ግዙ።